ሽማግሌ የተላከበት ዋጋ

ዋጋ ለእኔ የሚመጣልኝ በእንቅልፍና በመንቃት መካከል ነው። ኅዳር ላይ፣ ደብረ ብርሃን ውርጩ ቆርቆሮው ላይ አድሮ ፀሐይ ስትነካው ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ እኔ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ለደንበኛ የምናገረውን ሒሳብ አስባለሁ። በዚያች ሰዓት ደፋር ነኝ። አርማ ይሄን ያህል፣ የበር ላይ ጽሑፍ ይሄን ያህል፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ ይሄን ያህል እላለሁ፤ የሚከራከረኝ የለም። ተነሥቼ ፊቴን በዚያ በረዶ ውሃ ስታጠብ ግማሹ ይረግፋል። ደንበኛው ፊት ስቀመጥ ደግሞ የቀረውም ይሄዳል። "ኧረ ግድ የለም፣ እንዳመቸዎት" የሚል የሰው ድምፅ እሰማለሁ፤ ሳጣራው የራሴ ነው።

ሥራዬ ዲዛይን ነው። አርማ እሠራለሁ፣ የምግብ ቤት ዝርዝር አሳምራለሁ፣ የጥሪ ካርድና የማር ማሰሮ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት እሥላለሁ። ቀጣሪ የለኝም። አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ለዓመታት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ፤ እናቴ እግሯን ታምማ ላስታምማት ስመጣ ላፕቶፔን ይዤ መጣሁ፣ እግሯ ሲሻላት እኔ ሳልመለስ ቀረሁ። ለምን ቀረሽ ብባል፣ ጧት ጧት መስኮቴ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ይመስለኛል። እዚህ ብርሃኑ ቀጭን ነው፤ ቀለም ሁሉ አሁን ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ወንበሬን ወደ ፀሐዩ ጠጋ አድርጌ ስቀመጥ ሐሳቤ ከእኔ ተለይቶ ይሄድና ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ይዞልኝ ይመጣል።

በዚያ ኅዳር ግን የቀድሞ አለቃዬ ደወለ። "ቦታሽ ክፍት ነው፣ እስከ ገና ወስነሽ አሳውቂኝ" አለኝ። ደሞዝ ማለት ማንንም ሳይጠይቁ፣ ሳያፍሩ፣ ወር በገባ ቁጥር የሚመጣ ገንዘብ ነው። የኔ ቢጤ ዓይን አፋር ከዚህ የተሻለ ምን ይመኛል? ስልኩን ዘግቼ ግቢው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። በመጨረሻ ለራሴ ቃል ገባሁ፦ እስከ ገና አንድ ሥራ፣ አንድ ብቻ፣ በሚገባው ዋጋ ከሸጥኩ እዚሁ እቀራለሁ። ካልሆነልኝ ሻንጣዬን አነሣለሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም። "አትሂጂ" ብላ ትለምነኝ ይሆናል፣ ወይም "ሂጂ" ትለኝ ይሆናል፤ ሁለቱንም መስማት ፈራሁ።

በነገራችን ላይ የከተማችን ሰው ክፉ አይደለም። ዳቦ ሲገዛ ይከፍላል፣ ለልብስ ሰፊ ይከፍላል፣ ለፀጉር ቤት ሳይጠየቅ ይከፍላል። ሥዕል ላይ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚለየው። "አንቺ ጋ እኮ ቁልፍ መጫን ነው" ይለኛል አንዱ። ሌላው "ለእኛማ አትጨክኚም" ይላል፤ "እኛ" ማለቱ በአያቴ በኩል ይሁን በእድር በኩል አልገባኝም። ከሁሉ የሚያበሽቀኝ "ብር እንኳን የለንም፣ ግን ለሰው ሁሉ እናስተዋውቅሻለን" የሚለው ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! በማስታወቂያ የኤሌክትሪክ ካርድ አይሞላም። ይሄን ሁሉ በሆዴ እላለሁ እንጂ አፌ የሚለው ያው "እንዳመቸዎት" ነው።

እናቴ የገብስ ነጋዴ ናት። ገበያ ላይ ስትከራከር ያያት ሰው የኔ እናት መሆኗን ይጠራጠራል። አንድ ቀን እንደሷ መሆን እንዴት ይቻላል ብዬ ጠየቅኳት። ከጆንያው ውስጥ አንድ እፍኝ ገብስ ዘግና መዳፌ ላይ አደረገችልኝና "ያዢው፤ ከብዶሻል አይደል? የያዝሽውን ስታውቂ አፍሽ አይንቀጠቀጥም" አለችኝ። የኔ ሸቀጥ ግን አይዘገንም። ለእሷ ሥራዬ ከጧት እስከ ማታ አንድ ሳጥን ላይ ማፍጠጥ ነበር። ጎረቤት "ልጅሽ ምን ትሠራለች?" ሲላት "ቤት ናት" ትላለች። ቤት ናት ማለት ደግሞ ባል እየጠበቀች ነው ማለት ነው። እንደ እናቴ አስተሳሰብ ሴት ልጅ ከእናቷ አጠገብ የምትቀረው እዚያው ሰፈር ስታገባ ብቻ ነው።

ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ የእንግዳ ማረፊያ የሚያሠራው ሰውዬ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ዕድሜውን ሙሉ በደብረ ሲና መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ቁልቁል እያየሁ ሻይ ልጠጣ ያለ ሰው ነው። አርማ ይፈልጋል፣ ለክፍሎቹ በር ምልክት ይፈልጋል፣ የመንገድ ዳር ታፔላም ይፈልጋል። "አንበሳ አድርጊበት" አለኝ። "ጋሻም ይኑርበት። ከላይ ዘውድ ብታክይበት ደግሞ ደስ ይለኛል።" ቦታውን ሳላይ አልሥልም አልኩት። በማግስቱ በፒካፑ ይዞኝ ሄደ።

ቤቱ የቆመው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ስንደርስ ቆላው ድረስ ወለል ብሎ ይታይ ነበር፤ ከታች ያለው አገር ሁሉ ቢጫና ሐምራዊ ሆኖ ተኝቷል። ጭላዳዎቹ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ገበያተኛ ያወራሉ። ሰውዬው ስለ ውሃ ቧንቧው እያስረዳኝ ሳለ ጉሙ ከሥር ተነሣ። አልቸኮለም። መጀመሪያ ቆላውን ወሰደው፣ ከዚያ ረጃጅሞቹን የጅባራ ተክሎች አንድ ባንድ፣ ከዚያ ጭላዳዎቹን ከነወሬያቸው፤ በመጨረሻ ሰውዬውንም ወስዶት ድምፁ ብቻ ቀረ። ድምፁ ስለ ቧንቧ ማውራቱን ቀጥሏል። እኔ የት እንደቆምኩ ጠፋኝ። ጉንጬ እርጥብ ነው፣ እጄ አይታየኝም፣ ግን ፈጽሞ አልፈራሁም፤ ልጅ ሆኜ ታዝዬ የምሄድ መሰለኝ። በዚያ ነጭ ውስጥ፣ ከወደ ግራዬ፣ አንድ ሠራተኛ ከውስጥ ሆኖ መብራት አበራ። አንዲት መስኮት ብቻ፣ ሌላ ምንም የሌለባት፣ አየር ላይ ተንሳፍፋ ታየችኝ።

ወደ ቤት እስክንመለስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሰውዬው መንገድ ያመመኝ መስሎት ሎሚ ሊገዛልኝ ቆመ። ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩና ሣልኩት፤ ከታች የገደሉ መስመር አንድ ጊዜ ብቻ የተሰመረች፣ ከላይ ባዶ፣ በባዶው መካከል ቢጫ መስኮት። ዘውድ የለ፣ አንበሳ የለ። ሰውዬው ሲመጣ ላፕቶፑን አዙሬ አሳየሁት።  ስክሪኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገው፤ አቧራ ግን አልነበረበትም። "ሌሊት በጭጋግ ስነዳ ይቺን ነበር የምፈልጋት" አለ በመጨረሻ። ስለ አንበሳው ከዚያ በኋላ አላነሣም።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ጥፋት ማንም የሙያ ጓደኛዬ ይነግራችኋል፤ ዋጋ ሳንነጋገር ሥዕሉን አሳየሁት። እናቴ በኋላ ስትሰማ "ገብሱን አስጭነሽ ነው ዋጋ የምትጠሪው?" ብላኛለች። ሰውዬው እየወጣ "ስንት ነው ታዲያ?" ሲለኝ "አስቤ እልክልዎታለሁ" አልኩት፤ ይህም ለእኔ እድገት ነው።

ያንን ዋጋ እንዴት እንዳወጣሁት ብናገር ትስቁብኛላችሁ። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ "በሰዓት አስቢ" ትለኛለች። በሰዓት ካሰብኩትማ መስኮቷ የመጣችው በአንድ አፍታ ነው፤ እኔ ምንም አላደረግኩም፣ ጉሙ ነው የሠራው። ጉሙን ለማየት ግን ዓይን ያስፈልጋል፣ ያ ዓይን ደግሞ ሲበላና ሲጠጣ ኖሯል። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዝኩ። ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ቁጥር እጠራለሁ፤ ከዚያ ሥራውን ስጨርስ፣ ሰውዬው አሥር ጊዜ "ይቺን ትንሽ ወደ ቀኝ" ሲለኝ፣ በዚያ ቁጥር ምክንያት የምበሽቅ መሆን አለመሆኔን ለማየት እሞክራለሁ። ከበሸቅኩ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ውርጩ ጠብ ጠብ በሚልበት በአንዱ ጧት፣ በዚያ ደፋር ሰዓቴ፣ የማያበሽቀኝ ቁጥር ላይ ደረስኩ። ከመታጠቤ በፊት፣ እዚያው ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ ከሥዕሉ ጋር በቴሌግራም ላክሁት። ከዚያ ስልኩን ትራስ ሥር ቀበርኩትና ተነሥቼ ግቢ መጥረግ ጀመርኩ፤ ግቢ ጠርጌ አላውቅም ነበር።

ሰውዬው መልእክቱን አይቶታል። መልስ ግን አልሰጠም። ቀናት አለፉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሱ ዝምታ ግን ሆዴ ውስጥ ነቀዘ። አጭር መልእክት ጽፌ፣ "ለእርስዎ ስል በግማሽ ይሁን" ብዬ፣ ጣቴን ልሰድ ስል እተወዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ሳንቀላፋ አንድ ሕልም ይደጋገምብኛል። በጎች በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ይገባሉ፣ ስድስት ናቸው፣ ነጫጭ ናቸው፤ እኔ በወዲያኛው በኩል ቆሜ ስጠብቅ የሚወጡት ሦስት ብቻ ናቸው። ስድስት ያልኩት የላክሁት ዋጋ በዚያን ሰሞን ገበያ የስድስት በግ ዋጋ ስለሆነ ነው። እዚህ አገር ማንም ሰው ገንዘብ ሲበዛበት በበግ መንዝሮ ነው የሚያየው፤ እኔም በእንቅልፌ መንዝሬው ኖሯል።

እሑድ ነው፣ ቅዳሴ ወጥቷል። እናቴ ግቢ ውስጥ ገብስ አስጥታ ትበትናለች። የግቢው በር ተንኳኳና "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀና ስንል ሦስት ሽማግሌዎች፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ቆመዋል። ከፊት ያሉት የእናቴ የነፍስ አባት ናቸው። ከኋላቸው የእድራችን ዳኛ። ሦስተኛውን አናውቃቸውም፤ በርኖስ የደረቡ፣ ከሩቅ የመጡ ይመስላሉ።

ኅዳር መሆኑን አትርሱ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ለጥር ሠርግ ሽማግሌ የሚላከው እንግዲህ በዚህ ሰሞን ነው። እናቴ እጇ ላይ ያለው ገብስ ተንጠባጥቦ አለቀ። ወደ እኔ ዞር ብላ በሹክሹክታ "ማነው?" አለችኝ። "እኔ እንጃ" አልኳት፤ እውነቴን ነው። "ጓዳ ግቢ" አለችኝ፤ ልጅቱ ፊት ለፊት አትቆምማ። ስታልፈኝ ፊቷን አየሁት፤ ደም መስሏል፤ አሥር ዓመት ወጣት ሆናለች። ጓዳ ገብቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ማን ይሆን እያልኩ የማውቃቸውን ወንዶች በሐሳቤ አሰለፍኳቸው፤ ሰልፉ አጭር ነበር። ቢሆንም አልዋሽም፤ ለጥቂት ጊዜ አንድ መልኩ የማይታይ ሰው ጉም ውስጥ ቆሞ አየሁ፣ ደስም አለኝ።

"ተቀመጡ እንጂ አባቴ፣ ቤት ለእንግዳ" ስትል እናቴን እሰማታለሁ።

"መቀመጥ ይደርሳል" አሉ የነፍስ አባቷ። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ እህል ውሃም አንቀምስ። ልማዱን ታውቂዋለሽ ልጄ።"

"አውቃለሁ አባቴ።"

"እንግዲያስ የላከን ሰው፣ ይኸውልሽ፣ ወደ አንኮበር መንገድ ቤት የሚያሠራው ነው። እኒህ አጎቱ ናቸው። ጨዋ ሰው ነው፣ ታሪኩን ጠይቀናል።"

እናቴ ትንፋሿን ስትውጥ ተሰማኝ። ሰውዬው የስድሳ ዓመት ሰው ነው! አልጋው ላይ ተነሥቼ ቆምኩ።

"ልጅሽ ሥዕል ሣለችለት" ብለው ቀጠሉ። "ሥዕሉን ወደደው። እንቅልፍ አጥቶበታል ይሉናል አጎቱ። ዋጋውን ግን ከበደው። እሱ ፊት ለፊት ቢከራከራት እንዳትቀየመው ፈራ፤ ሴት ልጅ ናት፣ የካህናት ደጅ ያደገች ናት። በሽማግሌ ይሻላል ብሎ ነው እኛን ያስቸገረን።"

 የእድሩ ዳኛ "ስድስት በግ ነው እኮ!" አሉ። "እኔ ራሴ መንዝሬዋለሁ። ስድስት ደህና ደህና በግ! ሥዕሉን አሳይተውኛል፤ አንድ መስኮት ነው፣ ሌላው ባዶ ነው።"

"ለ...ዋጋ ነው የመጣችሁት?" አለች እናቴ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ደረጃ ያለ መስሎት ሲረግጥ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነበር። ወጥቼ ሦስቱንም ከነዘንጋቸው ላባርራቸው በሩን ይዤ ነበር፤ እንዳልወጣ ያገደኝ የገዛ ሳቄ ነው። ሳቅና ንዴት አንድ ላይ ያዙኝ። ለቅናሽ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ያለበት አገር ከዚህ ሌላ የት አለ?

እናቴ ግን ልማዱን አልሳተችም። ለሚስት ጠያቂ የሚሰጠውን መልስ ሰጠቻቸው። "ሰምቻለሁ። ዛሬ መልስ የለኝም። ዘመድ ላማክር፣ በሳምንቱ ተመለሱ።" ሽማግሌዎቹም ሌላ አልጠበቁም። ጠላ ቀመሱ፣ መረቁ፣ ሄዱ።

ስወጣ እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። "እኔ ነኝ ዋጋ የጠራሁት! እኔን አይጠይቁኝም ወይ?" ብዬ ጮህኩ።  "ስድስት በግ?" አለች። አዎ አልኳት። "እስቲ ያቺን መስኮት አሳዪኝ" አለች።

ላፕቶፑን አምጥቼ የገብስ ጆንያው ላይ አስቀመጥኩላት። ከተመለስኩ ጀምሮ ሥራዬን አይታ አታውቅም ነበር። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች። ከሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን በመስኮት ገብቶ ጉልበቷ ላይ አርፏል፤ የገብሱ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ይዋኛል፤ ሁለታችንም እዚያ ብናኝ ውስጥ የሆንን መሰለኝ።

"ሰው አለባት" አለች።

"ማንንም አልሣልኩም።"

"አለባት እንጂ። መብራቱን አብርቶ የሚጠብቅ ሰው አለባት።" ከዚያ ቀና ሳትል "ይሄን ስድስት በግ ካላገኘሽስ?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት። አሁን ቀና ብላ አየችኝ፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

ያ ሳምንት እንደ ሕልም ነው ያለፈው። ሰፈሩ ሽማግሌዎቹን አይቷል። እናቴ ገበያ በወጣች ቁጥር "እንኳን ደስ ያለሽ! ለጥር ነው?" ይሏታል። አልካደችም፣ አላመነችም፤ "እግዜር ያውቃል" ብቻ ትላለች። እኔ ደግሞ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ስቆም ሴቶች ፊቴን አይተው ፈገግ ይላሉ፤ ያላገባሁት ባል ደህንነት ይጠየቃል። አለቃዬ እንደገና ደወለ፤ "እያሰብኩበት ነው" አልኩት። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ስቤ አቧራውን ጠረግኩለት፤ መልሼ ከተትኩት። አንድ ቀን ስልኩን አንሥቼ "በአራት በግ ይጨረስ" የሚል ነገር ጻፍኩና፣ በአራት በግ ከሆነ ያቺን መስኮት ባየኋት ቁጥር ምን እንደሚሰማኝ ለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ። በሸቅኩ። ደመሰስኩት።

በሁለተኛው እሑድ እናቴ አዲስ ነጠላዋን ለበሰች። "ዛሬ ጓዳ አትገቢም፤ አጠገቤ ተቀመጪ" አለችኝ። ሽማግሌዎቹ መጡ። ሰውዬውም መጥቶ ኖሮ፣ እንደ ሙሽራ አፍሮ፣ ከግቢው ውጭ ፒካፑ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

"መልሳችንን ልንሰማ ነው" አሉ የነፍስ አባቷ፣ እንደ ልማዱ ቆመው።

"ዋጋውን በተመለከተ፣" አለች እናቴ፣ "እኔ የማውቀው ገብስ ነው። ልጄ ስድስት በግ ካለች ስድስት በግ ነው፤ ሚዛኑ ያለው እሷ ጋ ነው። የኔ ነገር ሌላ ነው።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌ ነጭ ለብሳችሁ፣ ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት ገባችሁ። አገር አየ። ገበያ ላይ እንኳን ደስ ያለሽ ተባልኩ። አሁን ምን ብዬ ልመልስ? ቅናሽ ሊጠይቁ ነው ልበል? ጥር ሲመጣ ሠርግ ሲጠፋ፣ ልጅቷን ጠይቀው ተዉአት ይባላል እንጂ ስለ ሥዕል ነው ብሎ የሚያምን ማነው? የልጄ ስም ካሳ አለው። አንድ ሙክት።"

"ሰባት በግ ሆነ እኮ!" አሉ የእድሩ ዳኛ።

"ሰባት ነው" አለች እናቴ።

የሽማግሌዎቹ ፊት መክበድ ጀመረ። ካሳ የሚያውቁት ነገር ነው፤ በካሳ አይቀለድም። ሲመጡ ሦስቱም የዋጋ ጠያቂዎች ነበሩ፤ አሁን ራሳቸው የተከሰሱ ሆኑ። "ወጣ ብለን እንምከር" ብለው ወጡና በርኖስ ለባሹ አጎት እጃቸውን እያወናጨፉ ሲናገሩ በመስኮት አየናቸው። እኔ ወደ እናቴ ብዞርም አላየችኝም። እንደ ድንጋይ ተቀምጣለች።

ተመለሱ። የነፍስ አባቷ መስቀላቸውን አወጡ። "ልጄ፣ እውነትሽን ነው፣ አጥፍተናል። ሳናስብ ነው። ስድስቱ ይሁን፣ ስለ ስድስቱ አፋችንን አንከፍትም። ካሳውን ግን ለእኛ ብለሽ ተይልን።"

"አይሆንም አባቴ።"

"ስለ እመብርሃን!"

እናቴ መሬት መሬት አየች። በጣም ከባድ ነገር እንደምታነሣ ሰው እስትንፋሷን ሳበች። "ለእናንተ ስል፣" አለች፣ "ሙክቱን ትቻለሁ።"

መስቀል አሳለሟት። ምርቃቱ ረጅም ነበር። ከዚያ የእድሩ ዳኛ ወደ ፒካፑ በደስታ ሲሮጡ አየኋቸው፤ ሙክት አስቀርተንልሃል ሊሉት ነው። ሰውዬው ገባ፣ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ፤ "እናቴ፣ ውለታዎን አልረሳም" አላት። ግማሹን ቀብድ እዚያው በስልኩ ላከልኝ። ስልኬ ጢን ሲል ሦስቱም ሽማግሌዎች ልክ ሕፃን እንደተወለደ እልል ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው። ጠላ ጠጥተው፣ ተመራርቀው፣ ሞቅ ብሏቸው ሄዱ።

በሩ ሲዘጋ ሳቄ መጣ። "እማዬ፣ እውነት ስሜ ተጎድቷል?"

"ምን ይጎዳል!" አለች። "ሽማግሌ ባዶ እጁን አይሸኝም። አስቀረሁ የሚለው ነገር ይፈልግ ነበር፣ ሰጠሁት።" ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። እኔ ስልኬን ይዤ ያቺን ቁጥር እያየሁ፣ አለቃዬን ምን እንደምለው እያሰብኩ፣ ፀሐዩ ላይ እንደልማዴ ልጠፋ ስል ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ተናገረች።

"አሁን እንግዲህ አዲስ አበባ አትሄጂም አይደል?"

አንድ ቃል ነግሬያት አላውቅም ነበር። "ማን ነገረሽ?" አልኳት። 

"ግቢ ቆመሽ ከአለቃሽ ጋር በስልክ ስታወሪ ሰምቼሻለሁ። ባለፈው እሑድ ነጭ ለብሰው ሲገቡ፣ 'ተመስገን፣ ልጄን የሚያስቀርልኝ መጣ' አልኩ። ዋጋ ነው ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ያው ነው። ለካ የሚያስቀርልኝ ዋጋው ራሱ ነው።" አንዱን ብርጭቆ ይዛ ቆመች። "ስድስት ሳይሆን ሦስት ብለው አስማምተውሽ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ፣ ዛሬ ሻንጣሽን ራሴ ነበር የምይዝልሽ።"

"አልሄድም" አልኳት። እያለቀስኩ ነው ያልኳት።